ለሕይወት እንዳይደወል

አዲስ ኮምፓይለር ወጣ ሲባል ሠርግ የተጠሩ ያህል የሚደሰቱ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ስልክ የምጠግንባትና ኮምፒውተር የማስተካክልባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ፕሮግራም የምጽፈው ደንበኛ ሲጠፋ ነው። አንድ ነገር ከሠራልኝ እንዲነካብኝ አልፈልግም። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ደግሞ ትናንት ደህና የነበረው ሁሉ ዛሬ ያኮርፋል።

ኮምፓይለር ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው እንዲህ ነው የምለው፦ እኔ የጻፍኩትን ተቀብሎ፣ ስህተቱን መርምሮ፣ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚያዞር ፕሮግራም ነው። በማዞሩ ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው በመመርመሩ ነው። በየጊዜው ሲታደስ ምርመራው ይጠብቃል፤ አማት እየሆነ ይሄዳል።

ያም ሆኖ የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ ያለዚህ ፕሮግራም አይጠራም። ድሮ ሰው ሲሞት የሚጠራን አያ ሽታው ነበር። ጥሩንባውን ይዞ ከከተማው ተነስቶ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ድረስ ይወርዳል፤ «የቅሬ ሰው ስማ» እያለ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ጉልበቱ ሲከዳው ተተኪ ተፈልጎ ጠፋ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ ሙሐዲን ሱቄ መጥተው፣ «ሱረያ ልጄ፣ ይኸ የምትነካኪው ነገር የሽታውን ድምፅ ተሸክሞ መሄድ አይችልም?» አሉኝ። ይችላል አልኳቸው። ጥሩንባውንም ድምፁንም እቀዳለሁ፤ ፕሮግራሙ ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደውላል፤ ስልኩን ያነሳ ሰው አያ ሽታውን ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዶቹ መልሰው ያዋሩት ነበር። «እሺ ሽታው፣ አንተስ ጉልበትህ እንዴት ነው?» ይሉታል ለቅጂው።

አንድ ነገር ግን ሐጂ ከመጀመሪያው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ሰው ሲሞትበት በስልክ አይነገረውም። ሽማግሌዎች ማለዳ ቤቱ ሄደው፣ ዙሪያውን ይዘውት፣ ቀስ ብለው ነው መርዶውን የሚያሰሙት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመደወሉ በፊት የሟቹን የቅርብ ሰዎች ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይቺ እንዳትበላሽ ብዬ ነው የጻፍኳት።

ነሐሴ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሱቁ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ሌላ ማሽን ተገኘ፤ የጻፍኩትም ፕሮግራም ቅጂው አልጠፋም። ግን በዚያው ሰሞን አዲሱ ኮምፓይለር ወጥቶ ኖሮ፣ ማሽኑ ላይ የተጫነው እሱ ሆነ። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ስልክ የሚደውለውን ክፍል፣ ዝርዝር የሚያዘጋጀውን ክፍል፣ ድምፅ የሚያጫውተውን ክፍል የሠሩት በየአገሩ ያሉ፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። በነጻ ነው የሚሠሩት። ኮምፓይለሩ ሲታደስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሣሪያ ከአዲሱ ጋር ማስማማት አለባቸው። ልክ እንደ ደቦ ነው፤ የአንዱ ማሳ ሳይታረም ወደ ሌላው አይታለፍም። እኔ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የማን ማሳ እንደታረመ አያለሁ። የድምፁ መጣ። የመደወያው መጣ። የዝርዝሩ ቀረ። እሱን የሚይዘው ሰው ስም እንኳ የለውም፤ በስሙ ቦታ ያለው የወፍ ሥዕል ነው። ስንት ጊዜ «ምን ነካው ይኸ ወፍ?» እንዳልኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

መስከረም ገባ። የግሸን ማርያም ሰሞን ስለነበር ከደሴ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ በተሳላሚ ጢም ብሎ ያልፋል። አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የወፉ ማሳ ታርሟል። አልሃምዱሊላህ ብዬ መሣሪያውን ማውረድ ጀመርኩ። ኔትወርኩ እየጎተተው ሳለ ሐጂ ሙሐዲን በሩ ላይ ቆሙ፤ ከኋላቸው አያ ሽታው ነበር። ሁለቱም አልተቀመጡም።

«ከበደ አረፈ» አሉ ሐጂ። «በረንዳው ላይ ፀሐይ ሊሞቅ እንደተቀመጠ።»

ጋሽ ከበደን ሐይቅ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣችው ልጁ ሕይወት ናት። ሕይወት እንደ ሐይቁ ውኃ ረጋ ያለች፣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ ከባሏ ከወንዱ ጋር የቅሬው አባል የሆነች ሴት ናት። በዚያ ሰዓት አምባሰል፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶች ቀናቸውን በሚጠብቁበት ክፍል ተኝታለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ደም ግፊቷ አልወርድ ስላለ ነርሷ ለወንዱ፣ «ድንጋጤ ብቻ እንዳይነካት፤ ለእሷም ለልጁም አደጋ ነው» ብላዋለች። ይኼን ቅሬው ሁሉ ያውቃል።

«ወንዱ ሰምቷል?» አልኩ።

«ልማዱ ባይፈቅድም ደውዬ፣ እሱን ለብቻው ከክፍሉ አስወጥቼ ነገርኩት። አጠገቧ ቆይ፣ ቀብሩን ለኛ ተወው አልኩት።»

«ስልኳንስ ለምን አይወስድባትም?»

«ጠይቄዋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ አባቷ ጋ ትደውላለች፤ ስልኳን ብደብቅ ወዲያው ትነቃለች ይላል። አባቷን ግሸን ለስለት ሄዷል፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም በላት አልኩት።» ሐጂ ወደ አያ ሽታው ዘወር አሉ። «ለማርያም አንተ አፉ በልልኝ። በስሟ የዋሸሁት ቸግሮኝ ነው።»

«እሷ ራሷ እናት ናት፣ ይገባታል» አለ አያ ሽታው።

ነገሩ የሚያስፈራው ከሁለት ወገን ነበር። ጥሪው ካልሄደ ወሬው በየአፉ ይሄዳል። አንዱ ለአንዱ ይደውላል፤ ከመካከላቸው አንዱ ነገሩን ሳያውቅ ለሕይወት «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ጥሪው ከሄደ ደግሞ ለእሷ እንዳይሄድ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ወሬ ሳይቀድም፣ ከአያ ሽታው አፍ መስማት ነበረበት። አያ ሽታውን አስቀምጬ ቀዳሁት።

«የቅሬ ሰው ስማ። ከበደ አርፏል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሕይወት መርዶዋን አልሰማችም፤ ማንም እንዳይደውልላት። የደወለላት ከቅሬው የለበትም።»

የመጨረሻዋን ከራሱ ነው የጨመራት። እኔም አልቆረጥኳትም።

ከዚያ ፕሮግራሙን ለኮምፓይለሩ ሰጠሁት። አንድ ገጽ ሙሉ ስሞታ አወረደብኝ። ይኸ አጻጻፍ አርጅቷል ይላል፣ ያ ደግሞ ወደፊት አይፈቀድም ይላል። የሚስተካከለውን እያስተካከልኩ ወረድኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀረች፤ አልፋት አልኩ፣ አላሳልፍ አለኝ። በቀድሞው ጊዜ እንዲህ ያለችው ስሞታ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበረች፤ አሁን ካልመለስሽልኝ አልሠራም ማለት ጀምሯል። ለዚህ ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት ዘዴ አለች። ከመስመሩ በላይ አንዲት ቃል ከጻፉ ዝም ይላል። የቸኮለ ሰው ሁሉ ይጽፋታል። እኔም ጻፍኳት።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየሳቡ፣ «አልሆነም እንዴ?» አሉ።

«ይሆናል። ነዝናዛ ሆኖ ነው እንጂ።» ተናድጄ ነበር። የሰው አባት ሞቶ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ይኸ ግዑዝ በጥቃቅን ነገር ይዞኛል። ላሾፍበት ፈለግኩ። «ስሙልኝማ ምን እንደሚለኝ» ብዬ ስሞታውን በአማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄን እንደ ነገረኛ ሴት አቀጠንኩት። «‹አውጫቸው ያልሽኝን ሰዎች አውጥቼ አዲስ ዝርዝር ሰጥቼሽ ነበር፤ አልተቀበልሽኝም። የቀድሞው ዝርዝር እንደነበረ ነው። ያወጣሽው ሰው አሁንም...›»

መስመሯን እንደገና በዓይኔ አነበብኳት።

«አሁንም ምን?» አለ አያ ሽታው።

«‹አሁንም እዚያ አለ።›»

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው መሣሪያ ሕይወትን አውጣ ስትሉት ከያዘው ዝርዝር ላይ ይሰርዛታል። አዲሱ ግን ከአዲሱ ኮምፓይለር ጋር ሲስማማ አሠራሩ ተለውጧል። የተሰጠውን ዝርዝር አይነካም፤ ሕይወት የሌለችበት ሌላ ዝርዝር አዘጋጅቶ ይሰጣል። የእኔ ፕሮግራም የተሰጠውን ሳይቀበል፣ ሕይወት ባለችበት በድሮው ሊደውል ነበር። ያቺን ዝም ማሰኛ ቃል ጽፌባት፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ያን ብጫን የአያ ሽታው ጥሩንባ አምባሰል፣ አልጋዋ ላይ፣ ጆሮዋ ውስጥ ይነፋ ነበር።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጭብጥ አድርገው፣ «ያ ረቢ» ብቻ አሉ።

ቃሏን አጠፋሁ። አዲሱን ዝርዝር ተቀበል፣ በእሱ ደውል ብዬ ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ አንድም ነገር ሳይናገር አሳለፈኝ። አሁን ግን እኔ ነበርኩ የማላምነው። የእኔን፣ የሐጂንና የአያ ሽታውን ስልክ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ፤ ሟቹ የእኔ ዘመድ እንደሆነ አስመስዬ ራሴን አስወጣሁና በሦስታችን ላይ ሞከርኩት። የሐጂ ጮኸ። የአያ ሽታው ጮኸ። የእኔ ዝም አለ። ጠበቅን። ዝም እንዳለ ቀረ። ስልክ ስላልጮኸ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት እንባዬ መጣ።

ከዚያ ለሁሉም ለቀቅኩት። መንገዱ ማዶ ዓሣ የምትሸጠው ራዚያ ስልኳን በክንዷ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ስትሰማ አየኋት፤ እጇ ዓሣ ነክቶ ነበር። ባጃጅ የሚነዳው ሙስዓብ ጥግ ይዞ ቆመ። ማንም ለማንም አልደወለም። ሁሉም ሥራውን እየዘጋ ወደ ጋሽ ከበደ ቤት ሄደ።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ሙሉ ነበር፤ ለቅሶው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። በአምባሰል መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሰምቶ እንዳያደርስ እየተባለ ድምፅ ይቀነስ ነበር። በዚያው ዕለት ሕይወት ለወንዱ፣ «አባቴ ሲወርድ ከግሸን እምነት ይዞልኝ ይምጣ በለው» ብላዋለች። እሺ እነግረዋለሁ ብሏት ውጪ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አልቅሶ ተመለሰ። እሱ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ።

በማግስቱ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ነበርን፤ ወንዱ ለሐጂ ደወለ። ሐጂ ተነስተው ከድንኳኑ ወጡና ተመልሰው ገቡ። ፊታቸው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ሊስቁም ሊያለቅሱም አልቻሉም።

«ልጅቱ ለልጇ ስም ትፈልጋለች» አሉ። «አባቴ ስም ያውጣለት፣ ሌላ ሰው አያወጣለትም ብላለች። ግሸን ከመሄዱ በፊት ለአንድ ሰው ሳይነግር አይቀርም፣ ጠይቅልኝ ብላዋለች።»

ክርስቲያኖቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አያ ሽታው፣ «እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ እርስዎ ያውጡለት» አላቸው። ሌላውም አዎ፣ አዎ አለ። ሐጂ ስልኩን አንስተው፣ «ወንዱ፣ ከበደ ሲሄድ ለእኔ ነግሮኛል በላት። ወንድ ከሆነ ምስጋናው ይባል ብሎኛል በላት» አሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ።

ከድንኳኑ ወደ ሱቄ ተመለስኩና ለወፉ ጻፍኩለት። ቅሬ ምን እንደሆነ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ሕይወት ማን እንደሆነች፣ እኔ ምን ልሠራ እንደነበር አንድም አላስቀረሁም። ያቺ የስሞታ ቃል ከኮምፓይለሩ አፍ ብትወጣም ጸሐፊዋ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዲሱ ኮምፓይለር መሣሪያ ሠሪዎች ለተጠቃሚው የራሳቸውን ማሳሰቢያ እንዲያኖሩ ይፈቅዳል። ጊዜ ወስዶ፣ በሚገባ ቋንቋ፣ የማያውቀውን ሰው አስቦ ጽፏታል። ለዚህ ነበር የዘገየው፤ እኔ ደግሞ ስዘልፈው ነው የከረምኩት። አላህ ያክብርህ ብዬ ጨረስኩ።

መልሱ አጭር ነበር። ማሳሰቢያዋን ሊተዋት አስቦ እንደነበር፣ ማንም አያነባትም ብሎ እንደነበር ጻፈልኝ። መጨረሻ ላይ፣ «እናትየዋ እንዴት ናት?» ብሎ ጠይቋል። ለሐጂ አነበብኩላቸው። ሰላት ካደረሱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉለት። ማን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቁኝና አላውቅም አልኳቸው። «ግድ የለም፣ አላህ ያውቀዋል» አሉ።

ሕይወት የደም ግፊቷ ወርዶ፣ ውጫሌ አማቷ ቤት ገብታ፣ አቅም እስክታገኝ ተጠበቀ። በየቀኑ አባቷን ትጠይቃለች፤ ግሸን ፀበል ጀምሯል ይሏታል። ከቅሬው ሁሉ፣ ትንሽ ቢቀማምስ አፉን መያዝ የማይችለውም ሰው ጭምር፣ አንድም የደወለላት የለም። ከዚያ አንድ ማለዳ ሐጂም አያ ሽታውም ከሴቶቹ ጋር ሄደው መርዶዋን ነገሯት። እኔ አልሄድኩም። ልቤ አልቻለም።

ጥቁር ለብሳ ሱቄ የመጣችው ከክርስትናው በኋላ ነው። ልጁን አዝላዋለች። ከስታለች። ወንበር ሰጠኋት፤ ልጁን አውርዳ ታቀፈችው። ኋላ ላይ ቀና ብላ፣ «ሱረያ፣ አንቺ መዋሸት አትችይም፤ ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት» አለች። «ስሙን ማን ነው ያወጣው?»

እውነት ነው፣ አልችልም። «ሐጂ ሙሐዲን» አልኳት። «ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው።»

ልጁን አየችው። «እኔ አባቴ ያወጣው መስሎኝ፣ ምጡ የጎዳኝን ሁሉ በዚህ ስም ነው የረሳሁት። ነርሷን ሳይቀር አባቴ ነው ያወጣለት እላት ነበር።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። «ደስ ብሎኝ ወለድኩት፣ ሱረያ። አንድ ቀን ደስታ ሰጣችሁኝ። ያቺን ቀን ማን ነው ለሰው የሚሰጠው?» አለችና ዝም ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደንበኛ መጥቶ አይቶን ተመለሰ።

ሐጂ ከዙህር ሰላት ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ጎራ አሉ። እሷን ሲያዩ ከደፉ ላይ ቆሙ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንዱ ውጪ ነው። የሰውን ጠብ ሁሉ ሲዳኙ የኖሩ ሰው፣ እንደ ተከሳሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሉ። «በአባትሽ ስም ተናገርኩ።»

ሕይወት ተነስታ ወደ እሳቸው ሄደች። ልጁን ከእቅፏ አላቀቀችና ዘረጋችላቸው።

«አባቴ ቢኖር አንድ ጊዜ ያቅፈው ነበር» አለች። «ስሙን በእሱ ቦታ ካወጡለት፣ ይኼንንም በእሱ ቦታ ሆነው ይቀፉልኝ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ልጁን ከእጇ ተቀበሉ።

«ምስጋናው» አሉት።